14 ቁጥር እንዳይደርስብህ፦ ጠባሴ ያለው የባጃጅ ባትሪ መቀየሪያ ከ5 ወር በኋላ

ኤሌክትሪክ ባጃጅ ከገዛሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያቆመኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፣ «መብራት ሲጠፋ ምን ትሆናለህ?» ይለኛል። በፊት በፊት መልስ ስላልነበረኝ ስቄ ነበር ማልፈው። ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወረደ ብሎ ስም ያወጣላት ከተማ ውስጥ እየኖርን ማታ ማታ ትራንስፎርመር አንጋጠን እያየን ነው ምናመሸው፣ ምን ልበላቸው። አሁን ግን መልስ አለኝ፣ ጠባሴ ያለው ባትሪ መቀየሪያ ቤት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ድፍን 5 ወር ተጠቀምኩበት፣ ጥሩ ነው ወይ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ቤቱ ድሮ ጎሚስታ ነበር፣ አሁንም ስትገቡ የጎማ ሽታ አለው። ባለቤቱ ያው ጎሚስታው ራሱ ነው፣ ጎን ለጎን ዳይናሞና ሞተር ይጠቀልል የነበረ ልጅ ነው፣ እጁ ለኤሌክትሪክ የተፈታ ነው። ጣሪያው ላይ 20 ሶላር ፓኔል ደርድሯል፣ እያንዳንዱ 550 ዋት፣ በድምሩ 11 ኪሎዋት ማለት ነው። ውስጥ ግድግዳው ላይ ኢንቨርተሮች ተሰቅለዋል፣ ከስር በላሜራና በብረት አንግል የተበየደ መደርደሪያ ላይ ባትሪዎቹ ተደርድረው በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከጓሮ በቆርቆሮ የተከለለ ትንሽ ጄኔሬተር አለ። የመብራቱ መስመርም ገብቶለታል፣ ማለትም ፀሐይ ሲኖር ፀሐይ፣ ፀሐይ ከሌለ መስመር፣ ሁለቱም ከሌሉ ጄኔሬተር። መደርደሪያው ስር ውሻው ይተኛል፣ ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ስለሚሞቅ ቦታውን አይለቅም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ባጃጄ 2 ባትሪ ትይዛለች፣ ሁለቱም 72 ቮልት 50 አምፔር አወር፣ አንዱ 3.6 ኪሎዋት አወር ይይዛል በወረቀት። ትደርሳላችሁ፣ የኋላውን ወንበር ታነሳላችሁ፣ ሶኬቱን ትነቅላላችሁ፣ ረዳቱ ልጅ ባትሪውን አውጥቶ ሙሉውን ይሰካል፣ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ሰዓት ይዤ አይቻለሁ 4 ደቂቃ ነው፣ ወረፋ ከሌለ። አንዱ ባትሪ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወገባችሁን የምትወዱ ከሆነ ራሴ ላንሳ እንዳትሉ፣ ልጁ ይለምደዋል፣ ለሱ ጉርሻ ጣል አድርጉለት። ዋጋው ለአንድ ባትሪ 120 ብር ነው።

ከሱ በፊት ቤቴ ነበር ቻርጅ ማደርገው። ሁለቱን ባትሪ ለመሙላት ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል፣ ማታ 3 ሰዓት ሰክቼ ብተኛ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሞልቶ ይቆየኛል። ይቆየኛል ያልኩት መብራት ካለ ነው። አንድ ቀን 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ እኔ ተኝቻለሁ ምን አውቃለሁ፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ሳየው 38 ፐርሰንት ላይ ቆሟል። የገበያ ቀን ነበር። ከገጠር እህልና በግ ይዞ የሚገባው ሰው የሚጫንበት ሰዓት እንግዲህ ያ ነው፣ 2 ሰዓት ካለፈ ገበያው ለሌላ ባጃጅ ነው። በዛ ቀን 5 ሰዓት ላይ ባትሪዬ አልቆ ቤቴ በር ላይ ቆሜ የጎረቤት ቤንዚን ባጃጅ ሲመላለስ አየሁ፣ እውነቱን ለመናገር ያንን ባጃጅ ልሽጣት አስቤ ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ሲባል እኔም እንደ ሰው ደስ ብሎኝ ጨፍሬያለሁ፣ አሁንም ደስ ይለኛል፣ ግን ኃይሉ ጉባ ላይ ሞልቶ የኛ ሰፈር ምሰሶ ካዘመመ ለኔ ባጃጅ ያው ነው።

እና መስከረም ላይ ተመዘገብኩ። ምዝገባ ስላችሁ፣ እዚህ ላይ አስተውሉ፣ ሁለት አዲስ ባትሪዬን ለቤቱ አስረክቤ ነው የገባሁት። 27 እና 28 የሚል ቁጥር ተጻፈባቸውና መደርደሪያው ላይ ወጡ። ከዛ በኋላ የኔ የሚባል ባትሪ የለም፣ የደረሰህን ይዘህ መሄድ ነው። የባትሪ ዕቁብ ማለት ነው በአጭሩ። የመጀመሪያ ሰሞን 27ን ሌላ ሰው ባጃጅ ላይ ሳያት ልጄን ሰው ቤት ያየሁ ያህል ነበር ሚሰማኝ፣ «ኧረ ቀስ ብለህ ንዳ» ልለው ሁሉ ያምረኛል። ዕቁብ ላይ ግን ሁሉም እኩል ብር ነው ሚጥለው። እዚህ አንዱ አዲስ ይጥላል፣ ሌላው 4 ዓመት የሰራ ይጥላል፣ ዕጣ ሲወጣ ማን ምን እንደሚደርሰው አይታወቅም።

ይሄ ነገር ገንዘብ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ብዬ ደብተር ያዝኩ። የባትሪው ቁጥር፣ የተቀየረበት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ በቃ እነዚህን ብቻ። በ2 ወር ውስጥ ሁሉንም አወቅኳቸው ማለት ይቻላል። የኔ ሁለቱ አዲስ እያሉ እያንዳንዳቸው 42 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። 3 ቁጥርና 19 ቁጥር 41 ይሄዳሉ፣ ጎበዞች ናቸው። አብዛኞቹ 33፣ 34 አካባቢ ናቸው። 14 ቁጥር 22 ነው።

ስለ 14 ቁጥር ትንሽ ልናገር። አንድ ጥጉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፣ አንዴ ወድቆ ነው አሉ። ሲሰካ 100 ፐርሰንት ይላል፣ ሜዳ ላይ 90፣ 85 እያለ ደህና ይሄዳል፣ ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትጀምሩ ነው ጉዱ፣ 60 የነበረው በአንዴ 31 ይላል፣ ሜዳው ላይ ስትመለሱ ደግሞ 44 ይላችኋል። አንድ ቀን 3 ተማሪ ጭኜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስወጣ እንደዚህ ሆነብኝና ከኋላ ያለችው ልጅ «ጋሼ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ፣ ጋሼ መባሉ ራሱ አናደደኝ። ሾፌሮች ስንገናኝ ሰላምታችን ሆኗል፣ «ስንት ደረሰህ?» «14።» «እግዜር ያጽናህ።» ጠዋት ቤቱ ሲከፈት 14 መደርደሪያው ላይ ብቻውን ከቀረ ሰው ሻይ ልጠጣ ብሎ ዞር ይላል፣ ሌላ ባትሪ እስኪሞላ።

አሁን ሂሳቡን እዩት። 3 ቁጥር ደርሶኝ 120 ብር ከፍዬ 41 ኪሎ ሜትር ስሄድ ኪሎ ሜትሩ 3 ብር እንኳን አይሞላም። 14 ደርሶኝ ያንኑ 120 ብር ከፍዬ 22 ስሄድ 5 ብር ከ45 ሳንቲም ነው። ቤቱም አንድ፣ ዋጋውም አንድ፣ ሳምንቱን ሙሉ 14ና ጓደኞቹ ከተደጋገሙብህ ግን ልዩነቱ የልጅ ጫማ ነው። እዚህ ጋ ፍትሃዊ ልሁን፣ 14 ቁጥር ለብቻው ከተሰላ ከቤንዚንም ይወደዳል፣ የቀኑ ድምር ግን ከቤንዚን ይሻላል። ድሮ ስነዳው የነበረው ቤንዚን ባጃጅ በቀን 110 ኪሎ ሜትር ስሄድ 4 ሊትር ይጨርስ ነበር፣ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ 400 ብር ጠዋት ኪሴ ውስጥ ከሌለ ከቤት አልወጣም ነበር፣ ማደያ ሰልፉን ሳልቆጥር። አሁን ሌሊት መብራት ካለ ቤቴ ሞልቼ እወጣለሁ፣ ቀን ላይ አንድ ወይ ሁለት ባትሪ እቀይራለሁ፣ ከ120 እስከ 240 ብር፣ አለቀ።

ታዲያ ባትሪውን ሳትቀበል ለምን አትለካውም የሚል አይጠፋም። እኔም ቴስተር ይዤ ሞክሬያለሁ። እነዚህ ባትሪዎች ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ የነሱ ጠባይ ደግሞ ቮልታቸው ከ90 ፐርሰንት እስከ 20 ፐርሰንት ድረስ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ገደል ነው ሚገባው። ስለዚህ 3 ቁጥርና 14 ቁጥርን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብትለኩ ቴስተሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ሚያሳያችሁ። ሁለት እንስራ ውሃ እስከ አፋቸው ሞልተው አንዱ ውስጡ ግማሽ ድረስ ደለል ያለበት ማለት ነው፣ ከላይ ስታዩት ሁለቱም ሙሉ ናቸው። የሚያውቀው ምን ያህል አምፔር ገባ ምን ያህል ወጣ ብሎ የሚቆጥር ሜትር ብቻ ነው፣ ወይ እንደኔ ደብተር ያለው ሰው።

ብርዱ ሌላ ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እና እንደዚህ ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከሆነ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ውስጡ ይጎዳል፣ የማይመለስ ጉዳት ነው። ደህና ባትሪ ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ የሚሉት መቆጣጠሪያ ራሱ አልቀበልም ብሎ ይዘጋል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሄጄ 5 ባጃጅ ተሰልፎ ባለቤቱ ቻርጀሩን እያበራ እያጠፋ ያያል፣ የመደርደሪያው የታችኛው ረድፍ በበሩ ስር በሚገባው ንፋስ ቀዝቅዞ ቻርጅ አልቀበልም ብሏል። መፍትሄው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ በማግስቱ ስመጣ የታችኛው ረድፍ በሙሉ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ያ ዳር ዳሩ ባለ ጥለቱ፣ ሁላችንም ያደግንበት። «ለባትሪም በርኖስ ልታሰፋለት ነው» ብዬ ቀለድኩበት፣ እሱ ግን ሰራለት፣ ማታ ሞቅ እንዳለ ሸፍኖት ካደረ ጠዋት ይቀበላል። ቻርጅ ሲጀምር ገልጦ ያነሳዋል፣ ያንን ረስቶ ሸፍኖ ከተወው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፣ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። በሩ ስር ጨርቅ ማድረግ ግን እስከ አሁን አልታሰበበትም።

ብርዱ ለፓኔሉ ግን ጥሩ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሶላር የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፣ እንደውም ሲግል ይደክማል። ጥር ላይ የኛ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱ ፓኔሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ባለቤቱ እንደሚለው በእንደዚህ ዓይነት ቀን ፀሐይ ብቻዋን 12 ባትሪ ትሞላለች። ሐምሌ ላይ ጉሙ ሲወርድ ግን 4 ወይ 5 ከሞላች ተመስገን ነው አለኝ፣ የቀረው ከመስመር ነው። መስመሩም ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ እሱ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ቆላ አይጎትትም፣ 2 ቻርጀር ሲሰካበት ያቃስታል። ያን ቀን ዋጋው 150 ይሆናል። አይፈረድበትም፣ ግን ከቤንዚን አመልጣለሁ ብዬ ገዝቼ በቤንዚን ጄኔሬተር ቻርጅ ሳደርግ ራሴን ነበር ምታዘበው።

ሰፈሩም ከቤቱ ጋር ተቆራኝቷል። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ስልክ በሙሉ እሱ ጋ ነው ሚሞላው፣ አጠገቡ ያለው ፀጉር ቤት ደግሞ ከኢንቨርተሩ አንድ መስመር ተስቦለታል፣ ደንበኛው ግማሽ ተላጭቶ አይቀርም ማለት ነው። አንድ ቀን እዛ ቆሜ ከጀርባ ያሉት እናት ሊጥ አብክተው መብራት ሄደባቸውና መጡ። «ልጄ እንደው ለ10 እንጀራ ብቻ ስጠኝ» አሉት። «እትዬ ስልክ ያምጡ፣ አምፖል ያምጡ፣ ምጣድ ግን አልችልም» አላቸው። ተቆጡ። «ለባጃጅ ሚበቃ ለእንጀራ ሳይበቃ ቀረ?» ብለው ሄዱ። እውነቱ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፣ አንድ ሰዓት ከጋገሩ አንድ የባጃጅ ባትሪ ሙሉ ጋገሩ ማለት ነው። በማግስቱ አንድ እንጀራ ጠቅልለው አምጥተው ሰጡት፣ በማገዶ የጋገሩትን፣ «ያንተ ፀሐይ ያልጋገረችው» ብለው።

ከተናደድኩበት ነገር ትልቁ ሶኬቱ ነው። በቀን ስንቴ ሚነቀልና ሚሰካ ሶኬት ይላላል፣ ሲላላ ይግላል። ኅዳር ላይ ሰው ጭኜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ወንበሩን ባነሳው የሶኬቱ አንድ እግር ቀልጦ ከሌላኛው ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም። ሰዎቹን አውርጄ ገመድ አስሬ ተጎተትኩ፣ ግማሽ ቀን ሞተ። ሶኬቱን በነፃ ቀየረልኝ፣ የቀኑን ገቢ ግን «ወንድሜ እሱን እንኳን ይለፈኝ» አለኝ። 2 ቀን አኮረፍኩና ሌላ አማራጭ ስለሌለኝ ተመለስኩ፣ ቡና ጋበዘኝ። ከዛ ወዲህ ረዳቱ ልጅ ሲሰካ አያለሁ፣ ካወዛወዘው አስነቅለዋለሁ። እናንተም እጃችሁን ሶኬቱ ላይ አድርጉ ከ10 ደቂቃ መንዳት በኋላ፣ ከሞቀ አትንዱ።

ስለ መኪና ደግሞ ልንገራችሁ ምክንያቱም የሚጠይቀኝ በዝቷል። 2016 ጥር ላይ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ የቻይና ኤሌክትሪክ ይዞ ነው ሚመጣው። አጎቴም ቢዋይዲ ሲጋል ገዝቷል፣ 38.88 ኪሎዋት አወር ባትሪ ያለውን። ዘንድሮ ጥር ሸዋሮቢት ሰርግ ነበረብንና ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኔን ሊወስድ መጣ። 130 ኪሎ ሜትር ዳገት ዳገቱን ነድቶ 48 ፐርሰንት ይዞ ደረሰ። ወደ ባትሪ ቤቱ ወሰድኩት። መደርደሪያውን አየና «የኔንስ አትቀይርልኝም?» አለው ባለቤቱን። ልጁ ሳቀ፣ «ጋሼ የርስዎ ባትሪ ወለሉ ስር ነው፣ ወደ 300 ኪሎ ነው፣ ማን ያነሳዋል» አለው።

አጎቴ አልተረታም፣ ቻይና በ5 ደቂቃ ይቀይራሉ አለ። ልክ ነው ይቀይራሉ፣ ኒዮ የሚባለው ኩባንያ መኪናህን ጣቢያው ላይ ታቆመዋለህ፣ ከስር ማሽን ፈትቶ አውጥቶ ሙሉውን ይገጥምልሃል፣ ከመኪናህ እንኳን አትወርድም። ግን ኒዮ የሚቀይረው ለመቀየር ተብሎ የተሰራ መኪና ነው፣ ባትሪውንም ከፈለግክ በወር ኪራይ ነው ምትይዘው። እኛ አገር የገቡት መኪኖች እያንዳንዳቸው የባትሪያቸው ቅርጽ ይለያያል፣ ብሎኑ፣ ማቀዝቀዣ ቱቦው ሁሉ ይለያያል፣ መሰኪያው እንኳን የቻይናና የአውሮፓ ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እስራኤል ውስጥ ቤተር ፕሌስ የሚባል ኩባንያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመስርቶ የመኪና ባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ አገሩ ላይ ዘረጋ፣ የሚቀይረው ግን የአንድ ፋብሪካ አንድ ሞዴል መኪና ብቻ ነበር፣ የሬኖ ፍሉዌንስን፣ በ2013 ከሰረ። ባጃጅ ግን ባትሪው በእጅ ይነሳል፣ እዚህ ቤት ያሉት ሁሉም 72 ቮልት ናቸው፣ ሶኬቱን ካመሳሰልከው አለቀ። ስለዚህ ለባጃጅ አዎ፣ ለሞተር አዎ፣ ለመኪና ግን ሰክተህ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።

እና ቁጭ አልን። ቤቱ ለመኪና ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አለው፣ ሁለቱም ዓይነት መሰኪያ አለው (ይሄን አደንቃለሁ)። 2 ሰዓት ተኩል ጠበቅን፣ ቆሎ በላን፣ አጎቴ ስለ ሰርጉ ስጦታ ተጨቃጨቀ። 90 ላይ ሲደርስ ልጁ ነቀለው። «ሙላው እንጂ» ሲለው «ጋሼ ጣርማበርን ይወርዱ የለ፣ ቦታ ይተዉለት» አለው። ያኔ አልገባንም። ዋሻው ጋ፣ ጣልያን የቀደደው የጣርማበር ዋሻ፣ ስንደርስ 71 ፐርሰንት ነበር። ከዛ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስንጀምር አጎቴ ፍሬን አልነካም ማለት ይቻላል፣ መኪናው ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ከኋላችን ያለው አይሱዙ ፍሬኑ እየሸተተ እኛ 72፣ 73 እያልን ወረድን። ሸዋሮቢት ስንገባ 75። አጎቴ ሰርጉ ቤት ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲያወራው ነበር፣ «45 ኪሎ ሜትር ነድቼ 4 ፐርሰንት ጨመረልኝ» እያለ። ዋሻው ጋ 100 ይዘን ቁልቁለቱን ብንጀምር ኖሮ ግን ያ ሁሉ ኃይል የሚገባበት ቦታ ያጣ ነበር፣ ጭነቱም ፍሬኑ ላይ ይወድቅ ነበር። ስንመለስ በእርግጥ አወራረዳችንን ከፈልን፣ ያቺው ዳገት ወደ 40 ፐርሰንት በላችብን፣ አጎቴም ስለሱ ለማንም አላወራም።

አሁን ወደ ነጥቤ። አጎቴ ሲከፍል ደረሰኙን አየሁት። ቻርጀሩ ላይ ሜትር አለ፣ 16 ኪሎዋት አወር ገባ ይላል፣ አንዱ በ20 ብር፣ 320 ብር። ጥንቅቅ ያለ ነገር። እኔ 120 ብር ስከፍል ምን እንደገባልኝ ሚነግረኝ የለም። ከሰርጉ ስንመለስ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። «ለመኪና በኪሎዋት አወር እየለካህ ለባጃጅ በቁጥር ነው ምታስከፍለው?» አልኩት። ባትሪው በሱ እጅ ስለሆነ፣ ስለሚያረጅበት፣ የልጁም ጉልበት ስላለበት የኛ መወደዱን አልተቃወምኩም፣ 3.6 ሙሉውን ካገኘሁ 120 አይበዛም። ካላገኘሁ ነው ችግሩ። ደብተሬን ገልጦ አየ፣ ረጅም ሰዓት አየ። «14 22 ብቻ ነው እንዴ?» አለ። «አንተ አታውቅም ነበር?» አልኩት። እውነቱን ነው ሚመስለኝ አያውቅም ነበር፣ እሱ ሚያየው ቻርጀሩ አረንጓዴ ሲያበራ ብቻ ነው።

ሃሳብ አቀረብኩለት፣ ባትሪውን ስመልስልህ መልሰህ ስትሞላው የገባበትን ለካ፣ የተጠቀምኩት ያው ነው፣ ነገ ልክፈልህ። «ወንድሜ አንተ ትከፍላለህ፣ ነገ ደሴ ሚሄደውን ከየት አመጣዋለሁ» አለኝ። እሱም እውነት አለው። እየተጨቃጨቅን ሳምንት ፈጀን፣ ሌሎቹም ሾፌሮች ገቡበት፣ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ሆነ፦ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ሙሉ ሞልቶ ሙሉ አውጥቶ ለካቸው፣ ከዛ አረንጓዴና ቢጫ ፕላስተር ለጠፈባቸው። አረንጓዴ 120፣ ቢጫ 80። እኔ የምፈልገው አይደለም፣ በቢጫና በቢጫ መካከልም ልዩነት አለ፣ በየ3 ወሩ ካልተለካም ፕላስተሩ ውሸት ይሆናል። ግን በፊት ከነበረው የትና የት።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ውሉን አንብቡት። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ ስትወጡ «ተመጣጣኝ ባትሪ» ትወስዳላችሁ ይላል፣ ተመጣጣኝ ማለት ምን እንደሆነ አይልም። እኔ ከስሩ «ከ38 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የሚሄድ» ብዬ አስጽፌ አስፈርሜዋለሁ፣ እናንተም አስጽፉ። በቀን ከ70 ኪሎ ሜትር በታች የምትሰሩ ከሆናችሁና ቤታችሁ መብራት ብዙም ማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ባትሪያችሁን ለማንም አትስጡ፣ በራሳችሁ ሰርታችሁ ግቡ። ጠዋት ከ12 ተኩል በፊት ድረሱ፣ ከዛ በኋላ አረንጓዴ አይገኝም። እሁድ እስከ 4 ሰዓት ዝግ ነው፣ ቅዳሴ ላይ ነው ልጁ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ሶኬቱን ካስተካከለ 4።

14 ቁጥር ከመደርደሪያው ወርዷል። ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት አቃተው እንጂ አምፖል ማብራት አያቅተውም ብሎ ለፀጉር ቤቱ ሸጠለት፣ ከወንበሩ ስር ከነቢጫ ፕላስተሩ ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ፀጉሬን ስቆረጥ ነበር፣ ከማሽኑ ይልቅ ዓይኔ ወደ ታች ነበር ሚሄደው። እስከ መጨረሻው አልጠፋም።